የሳልህ ጉልበት

መብሩካ ከዛግዋን ተራራ ሥር የጥብስ ቅጠል እየለቀመች፣ በወይራ ዘይት ዘፍዝፋ የምትሸጥ የታወቀች መድኃኒተኛ ነበረች። የባሏን የሳልህን ጉልበት በዚያው ዘይት ማሸት ከጀመረች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው።

አንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ስታሸው ሳልህ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ቀን ስታሺኝ ግን እጅሽ ይለሰልስ ነበር» አላት።

መብሩካ ግን ቀኑን ሙሉ ገበያ ነበረች። በማግስቱም ደገመው። «ቀን ቀን ምን ብትቀቢ ነው እንዲህ የሚለሰልሰው?» አላት። መብሩካ ቅጠል የፈጀውን ሻካራ መዳፏን አየችና፣ «ቆይ ብቻ፣ እጅ ከፍንጅ ባልይዛት!» አለች በልቧ።

ሐሙስ ለለቀማ የሄደች መስላ ወጣችና ከመንገድ ተመለሰች። በሩን በርግዳ ስትገባ ቤቱ በጥብስ ቅጠል ሽታ ታውዷል። ሳልህ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ ብቻውን ተቀምጧል፤ ጉልበቱ በዘይት ያብለጨልጫል።

«የት ደበቅካት?»

«ማንን?»

«ያቺን እጀ ለስላሳህን ነዋ!»

ሳልህ ግራ ገብቶት አያት። «አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? እጄን ልታጠብ ብለሽ ወደ ጓሮ የወጣሽው አሁን አይደለም እንዴ? በየት ዞረሽ መጣሽ?»

መብሩካ ወደ ጓሮው በር ሄደች። ከመጋረጃው ወዲያ ውኃ ሲንቆረቆር ይሰማል። መጋረጃውን ልትገልጥ እጇን ስትሰድ ውኃው ቆመ።

«ሳልህ» አለ ከወዲያ የራሷ የመብሩካ ድምፅ በቅናት፤ «ማናት እሷ፣ አብራህ የምታወራው?»