ጥርሳሙ አንቴና

እስራኤል አገር፣ ኦሺዮት በሚባል ሰፈር ውስጥ ይታየሽ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ አራተኛ ፎቅ፣ ብቻዋን። ጎረቤቶቿ ሻሎም ይሏታል፣ ሻሎም ትላለች፤ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ያላት ራዲዮ ነው፤ ከአዲስ አበባ አማርኛ ሲወራ የምትሰማበት።

አንድ ቀን ጣቢያው ጠፋባት። ሄርዝል ጎዳና አንቴና የሚሸጠውን አለልኝን አስጠራችው። ጎልማሳ ነው፤ እናቱ ጎንደር ቀርታበታለች። ሐሙስ ከሥራው ወጥቶ መጣ። ከራዲዮኑ ጀርባ የተጋደመችውን ትንሽ ዘንግ መዝዞ አቆማት፤ ሽቦ በመስኮት አስገባ፤ ባለ አንድ ክንድ አንቴና ይዞ ጣራ ወጣ። ሲወርድ ራዲዮኑ ጥርት ብሎ ያወራል።

ቆሎ አቀረበችለት። ስለ እናቱ ሲያጫውታት ቆየ። ሊሄድ ሲነሳ ምላሷ ቀደማት፤

«ደከም ይላል፣ ልጄ።»

ዋሸች እንግዲህ፤ ምን ታድርግ?

«ቤሰደር፣ እሺ እማማ። ባለ አንድ ክንዱ ጉልበት የለውም። ለሐሙስ ባለ ሁለቱን አመጣለሁ፣ እሱ ይበልጣል። ሱቁ ለሙከራ ይሰጠኛል።»

ባለ ሁለቱ መጣ። ከዚያ ባለ ቀለበቱ። ለእሷ ጆሮማ ሁሉም አንድ ነው፤ ብቻ «ደከም ይላል» ትላለች። እሱም አይከራከርም። ጣራውን ልየው ስትል፣ «ደረጃው ለጉልበትዎ አይሆንም» ይላታል።

በአራተኛው ሐሙስ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለውን አመጣ።

«ይኸኛው ዙሪያውን ትቶ ከፊት ለፊቱ ብቻ ነው የሚለቅመው። ወደ ደቡብ ካዞርኩት ከመጀመሪያው አሥር እጥፍ ነው።»

ያን ዕለት ከወዲያኛው ሕንፃ ማንተገብሽ ወንፊት ልትዋስ መጣች።

«ኧረ እንዴት ያለ ጥራት ነው! ተገላገልሽ በይ፣ ይኸን ምስኪን ስታመላልሺው!»

ይታየሽ ወንፊቱን ልታመጣ ተነሳች።

«እንግዲህ ከዚህ የሚበልጥ የለም» አለ አለልኝ። ጫማውን ሲያስር ብዙ ቆየ።

በሚቀጥለው ሐሙስ በሩን ያንኳኳ የለም። ቆሎው እንደቀረበ ቀረ።

በነጋታው ይታየሽ ቢላ በነጠላዋ ሸፍና፣ እያረፈች እያረፈች ጣራ ወጣች። ሽቦውን ቆርጣ ልታስጠራው ነው። አራቱ አንቴናዎች ከፀሐይ ውኃ ማሞቂያው አጠገብ ተሰልፈው ቆመዋል። ከመስኮቷ የሚወጣውን ሽቦ በእጇ እየዳሰሰች ተከተለችው።

ጫፉ ከአንዱም አንቴና ሳይገናኝ በሲባጎ ከማሞቂያው እግር ጋር ታስሯል፤ የአራቱም አንቴናዎች የሽቦ መግቢያ ደግሞ የሱቁ ፕላስቲክ እንደተለጠፈበት ነው።