ጦሩን ማን አሳመረው?

የሙዚየሙን ጥንታዊ የጃፓን ጦር ፈታትቼ አንድ ወር ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት የፈተግኩት እኔ ነኝ። «በገዛ እጄ ነው ያሳመርኩት» ብሎ ምስጋናውን የወሰደው ግን ኃላፊው ነው። እኔን፣ ወልደሰንበትን፣ አሥራ ሁለት ዓመት «አንተ ጽዳት!» እያለ ነው የሚጠራኝ።

ዛሬ ጦሩን ሊመረምር ከጃፓን የመጣውን ባለሙያ ከበር ጀምሮ አላመንኩትም። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ያያዘችውን የቀርከሃ ችንካር በትንሽ መዶሻ ሲያወጣ፣ ስለቱን ሊለውጥብን ነው ብዬ ተጠጋሁት። ብረቱን ከሶማያው፣ ከእንጨት ዘንጉ፣ መዘዘው። እንጨቱ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ጭራው እንደ መስታወት አበራ።

ሰውየው ጭራውን በጣቱ ዳሰሰው። «ዕድሜውን የሚመሰክረው ዝገቱ ነበር፤ የሠሪውም ስም እዚሁ ነበር። ማነው የፋቀው?» አለ በአስተርጓሚው በኩል።

ኃላፊው ክራቫቱን አስተካከለና ወደ እኔ ዞረ።

«አቶ ወልደሰንበት ናቸው።»