ሳይደርቅ

ሶዶ ውስጥ አናጢው ሻንቆ ለልጁ ለቤቴል የሠራላት ትንሽ የእንጨት ጀልባ ቫርኒሿ ተላላጠ። ቤቴል ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ጀልባዋ ስትሠራ ቫርኒሹን ሳይደርቅ ነክታው፣ የአውራ ጣቷ አሻራ ጀልባዋ ጎን ላይ ቀርቷል፤ የቦዬ ሥር ስትልጥ የተቆረጠችው ጠባሳ ሳይቀር።

"የቤቴል አባት፣ እሷን ቦታ አደራ" አለችው ሚስቱ ሽታዬ።

"የገዛ ልጄን እፍቃለሁ እንዴ?"

አሻራውን ትቶ ሌላውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀና አዲስ ቫርኒሽ ቀባ። ማታ ሽታዬ ጀልባዋ ያለችበትን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

ጠዋት አብረው ከፈቱ። ከአሮጌው አሻራ አጠገብ አዲስ ታትሟል፤ ጠባሳውም አለ።

"ነክተሽው ነው?"

ሽታዬ አውራ ጣቷን አስጠጋች። አዲሱ አሻራ ከእሷ ጣት ያንሳል። ከአሮጌው ግን ይበልጣል።

ሻንቆ ጀልባዋን አገላብጦ አየ።

"አሁን እኮ ታንሳታለች" አለ።