የእናቴ ድንጋይ

በማርስና በጁፒተር መካከል ለሚዞር፣ እኔው ላገኘሁት አስትሮይድ የእናቴን ስም ሰጠሁት። እኔ ጎበዟ ምህዋሩን ሦስት ዓመት ቁጭ ብዬ አሰላሁ፤ ሁለት ገጽ የስያሜ ደንብ ማንበብ ግን ሰለቸኝ። ለሰማይ አካል የተሰጠ ስም ምድር ላይ ሰው አይጠራበትም ይላል። እዚህም ልጽፈው አልችልም።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ከበር ጀምሮ ስሟን ይጣራ ነበር። አሁን በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ልጄ፣ ነጠላ ብትገዢልኝ ምን ነበር?» አለችኝ እናቴ ትናንት።

«ድንጋዩ ፀሐይን አንዴ ሲዞር ስምሽ ይመለስልሻል። አራት ዓመት ከሰባት ወር ብቻ ነው።»

«እስቲ የቱ ጋ እንዳለ አሳዪኝ።»

«እማዬ፣ በዓይን አይታይም።»

«ስሜን ወስዶም?»

አባቴ በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቤት!» አለች እናቴ።