ቀይ ካባውን ማን አጠፋው?

"ለቅሶም ቢሆን አልሄድም አልኩሽ!"

ደገፋ የሚጮህ ሰው አይደለም... ያን ጠዋት ግን ጮኸ።

ባለቤቱ ሌንሳ ነጠላዋን እንዳጣፋች በሩ ላይ ቀረች።

"የሞቱት እኮ የሳሊህ እናት ናቸው... እማማ ዙለይካ! ከልጃቸው እኩል አብልተው ያሳደጉህ!"

"የልጃቸውን ፊት ማየት አልፈልግም። ክፉ ነው።"

"ምን አደረገህ?"



"ጌሜን አጠፋብኝ።"

(ሳቃችሁን ያዙት! ሌንሳም ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።)

ነገሩ እንዲህ ነው...

የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት፣ አዳማ፣ ጋሽ ማናሴ ጌም ቤት... ሰው ሁሉ ለኳስ ሲሰለፍ ደገፋና ሳሊህ ጥግ ይዘው ማንም ዞር ብሎ የማያያትን አንዲት ጌም ይጫወቱ ነበር።

ቀይ ካባ የለበሰ ባለ ሰይፍ አገር ላገር እየዞረ አውሬ ይገጥማል... በተዋጋ ቁጥር ይጎለብታል።

ጽሑፏ ሁሉ ጃፓንኛ ነው። ስሟን እንኳ ስለማያውቁ "ቀይ ካባ" አሏት፤ አለቀ።

ማንበብ ስለማይችሉም አንድ ሕግ አወጡ... "ያልገባህ ጥያቄ ከመጣ የላይኛውን ምረጥ።" ላይኛው "አዎ" ነዋ!

ደገፋ ክረምቱን ሙሉ ታግሎ የመጨረሻው በር ላይ ደረሰ። ሴቭ አድርጎ ወጣ።

በማግስቱ ሲመጣ... ያስቀመጠው የለም፤ ባዶ!

ከእሱ በኋላ ያቺን ጌም የተጫወተው ሳሊህ ብቻ ነበር። ደገፋም በሰው ሁሉ ፊት "ቀንተህ ነው ያጠፋኸው!" አለው።

"ወላሂ አልነካሁም!" ብሎ ማለ ሳሊህ። ማን ሰምቶት...

በዚያው ተኮራርፈው ቀሩ።

"ነይ ላሳይሽ!" አለ ደገፋ፤ ሚስቱን እየጎተተ ከቤቱ ፊት ወዳለችው ሱቁ ገባ።

ደገፋ ዛሬ ኤሌክትሮኒክስ ይጠግናል። ጋሽ ማናሴ በቅርቡ ዕቃ ቤታቸውን ሲያጸዱ ያንኑ ማሽን ከነዲስኩ፣ ከነሜሞሪ ካርዱ "መለዋወጫ ይሁንህ" ብለው ሰጥተውታል። አንድም ቀን አልከፈተውም።

አሁን ከፈተው። ባዶውን ሊያሳያት...

ካርዱ ግን ባዶ አልነበረም።

በእንግሊዝኛ ፊደል የገዛ ስሙ ተጽፏል... "ደገፋ"። ሰባ አራት ሰዓት የተለፋበት። ቀኑን አየ... ከተጣሉ ከአራት ወር በኋላ!

"ይሄ... የኔ አይደለም" አለ።

ሲከፍተው ቀይ ካባው የመጨረሻው በር ፊት ቆሟል። ያቺ ደገፋ የተመኛት ሰይፍ በእጁ ናት። ቦርሳው በመድኃኒት ተሞልቷል። ሁሉ ነገር ተሠርቶ... በሩ ብቻ አልተከፈተም።

ለእሱ የተተወች ውጊያ!

ከመግባቱ በፊት በድሮ ልማዱ ሴቭ ሊያደርግ ሲል ጥያቄ መጣ። ጣቱ ወደ ላይኛው ሄደ...

"ቆይ! እንዳትነካው!" አለች ሌንሳ።

ጽሑፉ ገርሟት ስልኳን ደቅና እያስተረጎመች ነበር።

"'ካርዱ ሞልቷል። የዚህ ጌም የቆየው ሴቭ ይጥፋ?' ነው የሚለው። ላይኛው 'አዎ' ነው። ደግሞ 'ካጠፉ በኋላ እንደገና ሴቭ ያድርጉ' ይላል..."

ጆይስቲኩ ከእጁ ወደቀ።

በጋሽ ማናሴ ቤት የሠፈሩ ልጅ በሙሉ የሚጠቀመው በአንድ ካርድ ነበር። ያን ቀን ካርዱ ሞልቷል። ደገፋ በሕጉ መሠረት የላይኛውን ተጫነ... የቆየው ጠፋ፤ አዲሱ ግን ሳይቀመጥ፣ ተቀመጠልኝ ብሎ ማሽኑን አጠፋ።

"ያ ዋቃ!... እኔው ነኝ ያጠፋሁት" አለ።

ከሰዓት በኋላ ደገፋና ሌንሳ ሞጆ፣ ለቅሶው ቤት ነበሩ።

ሳሊህ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጧል። የከባድ መኪና ሹፌር ሆኗል፤ ጠጉሩ ሸብቷል። ደገፋን ሲያይ ብድግ አለ።

"አላህ ይዘንላቸው..." አለ ደገፋ፤ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻለም። "ሳሊህ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አንተን በሰው ፊት..."

"አውቃለሁ።"

"ታውቃለህ?!"

"ልሠራልህ ከዜሮ ጀመርኩ። አጋማሽ ላይ ስደርስ ያ ጥያቄ መጣብኝ። የላይኛውን ጫንኩ... ድምጥማጡ ጠፋ! ያኔ ገባኝ። እንደገና ጀመርኩልሃ!"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሦስት ቀን ቤታችሁ መጣሁ። 'ደገፋ የለም' አሉኝ።"

ደገፋ መሬት መሬቱን አየ። ሦስቱንም ቀን ጓዳ ውስጥ ነበር። "የለም በሉት" ያለው ራሱ ነው።

ሳሊህ እጁን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠው።

"እማዬ ከትናንት ወዲያ እንኳ ስለ አንተ ጠይቃኝ ነበር" አለው። "'ያ ልጅ ዛሬም አኩርፏል?' አለችኝ።"

ደገፋ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ አለቀሰ... የሳሊህን ምሕረት አግኝቷል። እማማ ዙለይካ ግን በሁለት ቀን አመለጡት።

ወዳጆቼ... ሰውን ክፉ ከማለታችን በፊት የገዛ ጣታችን ምን ላይ እንዳረፈ እንይ። ደጃችን የመጣውንም ሰው እንስማው። አንዳንዱ ያጠፋብን የመሰለንን ነገር ከዜሮ እየሠራልን ነው።

እናንተስ... በር ዘግታችሁ "የለም በሉት" ያላችሁበት ሰው አለ? ዛሬ ብትደውሉለት መጀመሪያ ምን ትሉታላችሁ? እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉት...