ያልተከፈለበት ድንጋይ

የሰደበኝ ሀብታሙ ፓፓ ሉሳምባ ነው። ወንዙ ሞልቶ መንገድ በዘጋበት ክረምት፣ በቡና ቤቱ ደጃፍ፣ በእንግዶቹ ፊት። «ማታንዱ፣ ያንተ ጊታር ዓሣ ሲጠበስ ነው የሚመስለው። ሂድና ለዓሣ ጠባሾች ተጫወት!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት መካከል ዛሬም ሰላም የማልላቸው አሉ።

ጥፋቴ ስሙን በዘፈኔ አልጠራም ማለቴ ነበር። እኛ ኪንሻሳዎች በዘፈን መሃል የሀብታም ስም ሲጠራ «ድንጋይ ተወረወረ» እንላለን፤ የተወረወረለት ይከፍላል። ዘፋኙ ሁሉ ሲወረውር ሲወረውር ዘፈኑ ስለምን እንደነበር ይረሳዋል።

እሺ ብዬ ዓሣ ጠባሾች ዘንድ ሄድኩ። ይኸው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በማማ ንዙዚ መጥበሻ አጠገብ እንጫወታለን። ዘይቱ ቸስ ሲል ከበሮ መቺዬ ቦሌንጌ ከበሮውን በሱ ምት ያስገባል። ሉሳምባ ጆሮ አለው፤ ጊታሬና ዘይቱ በእርግጥ ይመሳሰላሉ። ይህን መናገር ያመኛል።

አንድ ቀን ቦሌንጌ ዓሣ በነፃ እንድትሰጠው ብሎ «ማማ ንዙዚ፣ ጨው ቀንሺ!» ሲል በዘፈን መሃል ወረወረላት። ዓሣውን አላገኘም። በሳምንቱ ግን እህቶቿን ይዛ መጣች፣ እህቶቿም ጎረቤቶቻቸውን። ከዚያ ወዲህ ለጫማ ሰፊውም ለልብስ አጣቢዋም በነፃ እንወረውራለን። ዛሬ ግቢው ሞልቶ ሰው አጥር ላይ ተሰቅሏል።

«ማታንዱ!» ይላል ባለሞተሩ ኢሎንጋ፤ «ስሜን ስትጠራ ጎማዬ መላጣ መሆኑን ለምን ጨመርክበት? ደንበኛው ሁሉ ጎማ እየዳሰሰ ነው የሚሳፈረው!»

«ቀይረውና ግጥሙን እቀይርልሃለሁ።»

ሳቁ ሳያባራ ፓፓ ሉሳምባ ይገባል፤ በነጭ ሱፍ፣ ጭቃውን እየዘለለ።

«አዳራሼን ልስጥህ» ይለኛል። «መድረክ አለ፣ መብራት አለ፣ አዲስ ስፒከር አለ። በየዘፈኑ መግቢያ ስሜን ብቻ ጥራ።»

ቦሌንጌ ክርኔን ይጎሽመኛል። «ስፒከር እኮ ነው የሚለው! የኛው በጥፊ ካልመቱት አይጮኽም።»

እውነቱን ነው። እሺ ብል ከነገ ጀምሮ ከተማው በሙሉ ይሰማኛል፤ የሚሰማው ግን የሉሳምባን ስም ነው።

ማማ ንዙዚ ጭልፋዋን ከዘይቱ ታወጣለች። «ፓፓ፣ እዚህ ለድንጋይ አይከፈልም። ዓሣዎን ይግዙና ስምዎ እንዲጠራ ይሰለፉ። ከኢሎንጋ ኋላ ነዎት።»

ግቢው በሳቅ ይፈነዳል። እሱ ግን፣ ለማመን ይከብዳል፣ ዓሣውን ይገዛል። ዘይቱ ነጩ እጅጌው ላይ እየተንጠባጠበ ከመላጣው ጎማ ባለቤት ኋላ ይቆማል።

«ታዲያ ስሜ መቼ ነው የሚጠራው?» ይለኛል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን ሰው።

ከዚያ ክረምት ጀምሮ ስስለው የኖርኩት መልስ ምላሴ ላይ አለ። ማማ ንዙዚ አዲስ ዓሣ ትጨምራለች፤ ዘይቱ ቸስ ይላል። መልሱን ውጬ፣ ስሙን በነፃ ልወረውርለት፣ ጊታሬን አንስቼ ወደ መጥበሻው እሄዳለሁ።