የሻምበል ግራ ዓይን

«የብየዳ ብርሃን ነው የመታው» አለ በያጁ፣ ድንቹን በስሱ እየቆረጠ። «እኔን ስንቴ መትቶኛል! ድንች ለጥፎ ማደር ነው። ነገ ሰፈሩን ያምሰዋል።»

ውሻው ሥራ ጠረጴዛው ሥር ተጠቅልሎ ግራ ዓይኑን ጨፍኗል። ሻምበል የተባለው ደንበኛውን ሁሉ እየጮኸ ስለሚያሰልፍ ነበር። ዛሬ ግን በሩ ሲንኳኳ እንኳ ቀና አላለም። ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን በመዳፉ ሲያሽ ውሏል፤ ጉንጩ በእንባ ርሷል።

በያጁ ድንቹን ሊለጥፍለት ጎንበስ ሲል ሻምበል አጉረመረመበት። በእሱ ላይ አጉረምርሞ አያውቅም። ሰውየው ደንግጦ ሳቀ። «በገዛ ቤቴ!»

ሚስቱ በሩን ተደግፋ ስታይ ቆይታለች። «አንተ ሰውዬ፣ ብየዳ ሲመታህ የትኛውን ዓይንህን ነው የሚያምህ?»

«ሁለቱንም ነዋ! አሸዋ የሞላበት ነው የሚመስለው።»

«እሱ ታዲያ ለምን አንዱን ብቻ ጨፈነ?»

ቢላዋው እጁ ላይ ቀረ። ትናንት የአንድ ደንበኛ የግቢ በር በግራይንደር ሲሞርድ ፍንጣሪው ወደ ጠረጴዛው ሥር ይዘንብ ነበር። ሻምበል ደግሞ እዚያው ነው የሚተኛው፤ ውጣ ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

«እስኪ ግለጠው።»

የውሻውን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አድርጎ የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቱ ከፈተ። ብሌኑ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ወጥቶ፣ መሃሉ ላይ የዝገት ነጥብ ተቀምጣለች። ሚስቱ ደህናውን ዓይን በመዳፏ ሸፈነች። በያጁ ጣቱን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሰ። ዓይኑ አልተከተለውም።



«የእንስሳት ሐኪሙ ሳይዘጋ ተነስ!»

«በሩን ዛሬ አስረክባለሁ ብዬ ለሰውየው…»

«ሰውየው ሁለት ዓይን አለው። ይጠብቅ።»

ውሻውን ታቅፎ ወጣ። እንደዚህ የሚከብድ አይመስለውም ነበር። ሻምበል ማጉረምረሙን ትቶ ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ ጣለ፤ እንደ ልማዱ አመነው። በያጁን የባሰ ያመመው ይሄ ነው።

አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው የሥራ መነጽር፣ ትናንት ሲሞርድ ለአፍታ እንኳ ከዓይኑ ያላወለቀው፣ በተራመደ ቁጥር የውሻውን ጭንቅላት ይመታል። እጆቹ ሞልተዋል። ማሰሪያውን በጥርሱ ነክሶ ወደ ላይ ያዘና እርምጃውን አፈጠነ።